የዲኤክሷ አገጭ

የጽሑፍ መምህራችን በዚህ ሴሚስተር የሰጡን የቤት ሥራ አጭር ነበር። «የምታውቁትን አንድ ነገር ለማያውቅ ሰው አስረዱ። የሰማችሁትን ሳይሆን ያጣራችሁትን ጻፉ» አሉን። የክፍሌ ልጆች ስለ ጠጅ አጣጣል፣ ስለ ሽመና፣ ስለ ቤት ኪራይ ውል ጻፉ። እኔ ደግሞ ስለ መኪና አገጭ ጻፍኩ። «ምን ነካት ይቺ ልጅ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁና ነገሩን ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

አባዬ አንዲት ቶዮታ ኮሮላ አለችው፤ አገሩ ሁሉ «ዲኤክስ» የሚላት ዓይነት። ቶዮታ ይህን አራተኛውን የኮሮላ ትውልድ ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። የኛዋ ኬ ኢ 70 የምትባለው ስትሆን 1300 ሲሲ ሞተር አላት፤ የምትገፋውም በኋላ ጎማዋ ነው። ከኔም ከታላቅ ወንድሜም በዕድሜ ትበልጣለች። አያታችን እማማ የሚኖሩት ደብረ ብርሃን ነው። የዓይን ሕክምና ክትትላቸው ግን አዲስ አበባ ስለሆነ አባዬ በየሁለት ወሩ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ያመጣቸዋል፣ መልሶም ይወስዳቸዋል። በአውቶቡስ መጋፋት አይችሉም። እና ዲኤክሷ ለኛ ቤት ጌጥ አይደለችም፤ የእማማ ዓይን ናት ማለት ይቻላል።

አንድ ቅዳሜ ወንድሜ ጥቁር የፋይበር ግላስ ነገር በብብቱ ይዞ መጣ። ርዝመቱ የመኪናዋን ፊት ያህላል፣ ከታች በኩል ወደፊት ቀሰር ያለ ነው። እናቴ አየችውና «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? አገጭ ነው የምትቀጥልላት?» አለች። ስሙም በዚያው ጸና፤ እኛ ቤት እስከ ዛሬ አገጭ ነው የሚባለው።

«ኤር ዳም ነው!» አለ ወንድሜ። «አንደኛ፣ ቤንዚን ይቆጥባል። ሁለተኛ፣ ፍጥነት ይጨምራል። ሦስተኛ፣ መኪናዋ መሬት ይዛ ትሄዳለች።» የሸጠለት ልጅ የነገረውን ነው የደገመልን። አባዬ ስለ መልኳ ግድ ባይሰጠውም «ቤንዚን ይቆጥባል» የምትለዋን ሲሰማ ዝም አለ። ዝምታው ደግሞ እንደ ፈቃድ ተቆጠረ።

እኔም የዚህን ጽሑፍ መነሻ ያገኘሁት ከእነዚህ ሦስት አባባሎች ነው። ስንቱ እውነት ነው?

ለመሆኑ ኤር ዳም ምንድን ነው?

ቃሉ እንዳለ ሲተረጎም «የአየር ግድብ» ማለት ነው። ግድብ ምን እንደሚሠራ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የሚመጣውን ይዞ ወደፈለጉት አቅጣጫ መላክ ነው። ኤር ዳምም ከፊት ባምፐር ስር የሚገጠም፣ ወደ መሬት የሚወርድ ግድግዳ ነው። ሥራው በመኪናዋ ሆድ ስር ሊገባ የሚመጣውን አየር ከልክሎ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ራዲያተሩ መመለስ ነው። እኛ ሰፈር ሁሉንም በአንድ ስም «ስፖይለር» ይሉታል እንጂ ከኋላ ኮፈን ላይ የሚቀመጠው ሌላ ነው። ከአገጩ ጫፍ እንደ ምላስ ወደፊት በአግድም የሚወጣው ጠፍጣፋ ነገርም የራሱ ሥራ ያለው ሌላ ዕቃ ነው።

አየሩ በሆዷ ስር ቢገባስ ምን አለበት? አንድ ቀን ጋራዥ ሄዳችሁ አሮጌ መኪና ክሪክ ላይ ስትቆም ከስር እዩዋት። ላይዋ ለስላሳ ነው፤ ሆዷ ግን ገበያ ነው። የዘይት ኮፓው፣ የመሪው ዘንጎች፣ ማርሚታው፣ የኋላው አክስል፣ ሁሉም ተንጠልጥለዋል። አየሩ ከእያንዳንዳቸው ጋር እየተጋጨ፣ እየተሽከረከረ ነው የሚያልፈው። ያ ግጭት መኪናዋን ወደ ኋላ ይጎትታል። ደግሞም ከፊት ገብቶ ከስር የታፈነ አየር አፍንጫዋን ወደ ላይ ይገፋል። ጋቢ ለብሶ በነፋስ ላይ የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል። የጋቢው ጫፍ ከተከፈተ ነፋሱ ከስር ይገባና ያነሳዋል፤ ጫፉን ጨብጦ ሲይዙት ግን ይረጋጋል።

ግድቡ ሲቆም ከበስተኋላው ያለው የአየር ግፊት ይቀንሳል። በዚህም ሁለት ጥቅም ይገኛል። አንደኛው አፍንጫዋን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል መቀነሱ ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። በራዲያተሩ ፊት ያለው ግፊት ከፍ ብሎ ከሞተሩ ስር ያለው ዝቅ ስለሚል አየሩ በራዲያተሩ ውስጥ በደንብ ይሳባል። ማለትም በትክክል የተገጠመ ኤር ዳም ሞተር ያቀዘቅዛል። በስህተት የተገጠመ ደግሞ ሞተር ያፈላል፤ ወደዚህኛው እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የአየር ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ከ50 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስትሄዱ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር የአየሩ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ እሱን ለማሸነፍ ከሞተሩ የሚፈለገው ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ። በተቃራኒው ከቦሌ እስከ መገናኛ በሠላሳ እየተንፏቀቀ ለሚሄድ መኪና አየሩ ከቁጥር የሚገባ ነገር አይደለም። በከተማ ውስጥ ኤር ዳም ጌጥ ነው። ይህን ለወንድሜ ስነግረው ሁለት ቀን አኩርፎኛል።

ነገሩ ከየት መጣ?

አገጭ መግጠም የሰፈር ልጆች ፈጠራ አይደለም። ፖርሸ 911 ኤስ በተባለው መኪናው ላይ ከፊት ዝቅ ያለ አገጭ ማድረግ የጀመረው በ1972 ሞዴሉ (እ.ኤ.አ.) ሲሆን ምክንያቱም በከፍተኛ ፍጥነት አፍንጫው እየቀለለ መሪው መዋለሉ ነበር። ቢኤምደብሊው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው 2002 ቱርቦ ትልቅ ኤር ዳም ነበረው። በላዩም የመኪናው ስም በግልባጭ ተጽፎበት ታየ፤ ከፊት የሚሄደው ሹፌር በመስታወቱ አይቶ እንዲያነበውና መንገድ እንዲለቅ ነው። ጀርመን ውስጥ «ይሄ ጥጋብ ነው» ተብሎ ጩኸት ተነሣበት፤ ዓመቱም የነዳጅ ቀውስ የተከሰተበት ነበር። በመጨረሻ የተመረተው 1672 ብቻ ነው።

ከፋብሪካ ውጪ ተሠርቶ የሚገጠመው ዓይነት በይበልጥ የታወቀው በዳትሰን 240 ዜድ ነው። ይህች መኪና ቆንጆ ብትሆንም በፍጥነት ስትሄድ ፊቷ ይቀላል ትባል ነበር። አሜሪካ ውስጥ ፒት ብሮክ የሚመራው የእሽቅድምድም ቡድን ለፊቷ አገጭ ሠራላት። ሹፌሩ ጆን ሞርተንም እ.ኤ.አ. በ1970 እና በ1971 በምድቡ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ዛሬም የ240 ዜድ ባለቤቶች በዚያው ቅርጽ የተሠራ አገጭ ገዝተው ይገጥማሉ። እንግዲህ ዕቃው የተወለደው ከ150 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ለሚበሩ መኪኖች ነው። የአባዬ ዲኤክስ እማማን ይዛ ከ80 አልፋ አታውቅም።

በዚህ ላይ የኛን ከፍታ ጨምሩበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አገር ይልቅ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር መኪናን የሚጎትተውም የሚያነሳውም ያንኑ ያህል ባነሰ ኃይል ነው። ታዲያ የኤር ዳም ጥቅምም በዚያው ልክ ያንሳል። በአንጻሩ ግን የሳሳ አየር ራዲያተርንም በደንብ አያቀዘቅዝም። ክዳኑ ባልተገጠመ ድስት ውስጥ ውሃ አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጠረፍ ላይ በ100 ነበር። የራዲያተር ክዳን ግፊት ይዞ የመፍያውን መጠን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ክዳኑ ያረጀበት መኪና እንደ ድስቱ ነው። ስለዚህ እኛ አገር ለደጋ ነጂ ዋናው ጥያቄ «ፍጥነት ይጨምራል ወይ?» ሳይሆን «ለራዲያተሩ አየር ይተዋል ወይ?» መሆን አለበት።

እኛ ይህን ጥያቄ አልጠየቅንም።

ሸኖ ላይ የሆነው

ወንድሜ አገጩን የገጠመው በአንድ ከሰዓት ነው። ጓደኛው ትራፓኖ አመጣ፣ ከባምፐሩ ስር ባለው ላሜራ ላይ ስድስት ቦታ በሱ፣ በብሎን አሰሩት። ዕቃው የተሠራው ለሌላ ሞዴል ስለነበር ጫፍና ጫፉ አልደርስ ሲል በጉልበት ስበው ነው ያገናኙት። ከባምፐሩ ስር ለራዲያተሩ አየር የሚያስገባውን ክፍተት ሙሉ በሙሉ ደፈነው። ማንም ልብ አላለም። እኔም ፎቶ አንስቻለሁ፣ አጨብጭቤአለሁ። ንጹሕ ነኝ አልልም።

በሁለተኛው ሳምንት አባዬና እኔ እማማን ልናመጣ ደብረ ብርሃን ሄድን። ስንሄድ ማለዳ ነበር፤ ብርዱ ራሱ ሞተሩን ያቀዘቅዘዋል። ስንመለስ እኩለ ቀን ሆኗል፣ ነፋሱም ከኋላችን ነው። ሸኖ ስንቃረብ የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ከመሀል ተነሥታ ወደ ቀይ መሄድ ጀመረች። አባዬ ዳር ይዞ ቆመ። ኮፈኑን ሲከፍት እንፋሎቱ ፊቱን ሊመታው ለጥቂት ነው።

እማማ ከመኪናው ወርደው በጋቢያቸው ተጠቅልለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የዚያ አገር ነፋስ ፀሐይ እያለም አጥንት ይሰብራል። ቀጠሯቸው በነጋታው ጠዋት ነበር። «አትቸኩሉ፣ ዓይኔ የት ይሄድብኛል» አሉ። ለእኛ ማጽናኛ ብለው ነው፤ እኛን ግን የባሰ አሳመመን። ራዲያተሩ እስኪበርድ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ትኩስ ራዲያተር አይከፈትም፤ የፈላው ውሃ በግፊት ወጥቶ ሰው ያቃጥላል። ከበረደ በኋላ ውሃ ሞልተን፣ አባዬ በካቻቢቴና በፒንሳ አገጩን ፈቶ ከኋላ ኮፈን ውስጥ ወረወረው። በአርባ እየነዳን ማታ ገባን።

ቤት ስንደርስ ፍርዱ ተሰጥቶ አለቀ። ጥፋተኛው አገጩ ነው። ወንድሜ አንገቱን ደፋ።

እኔ ግን የመምህራችን ነገር ትዝ አለኝ። «ያጣራችሁትን።» ሰኞ ዕለት ከአባዬ ጋር ወደ አንድ ሽማግሌ ባትላሜራ ሄድን። ሰውየው ከጣሊያን ቃላት ጋር የተጋቡ ናቸው፤ «ላሜራ፣ ስቱኮ፣ ዳዶ» ሲሉ ዜማ አለው። አገጩን አገላብጠው አዩ፣ ከዚያ ወደ ራዲያተሩ ዞሩ። ሞተሩ ተነሥቶ ሲሞቅ የራዲያተሩን ፊት ከዳር እስከ ዳር በእጃቸው ጀርባ በጥንቃቄ ዳሰሱት። «ልጄ፣ ነይ እስቲ። እዚህ ትኩስ ነው፤ እዚህ ታች ቀዝቃዛ ነው። ታውቂያለሽ ለምን?» አሉኝ። ቀዝቃዛው ክፍል ውሃ የማያልፍበት ነበር። አባዬ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ሲሞላበት የኖረ ራዲያተር ቱቦዎቹ በዝገትና በነጭ ዝቃጭ ተደፍነው ኖሯል።

ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ነው። ራዲያተሩ ከድሮም ታሟል፤ ያለ አገጩ አየር በብዛት ስለሚያገኝ እንደምንም ይቋቋም ነበር። አገጩ መተንፈሻውን ሲዘጋበት የተደበቀው በሽታ ወጣ። አንዱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሸኖ ላይ ባልቆምን። ለጋዜጠኛ ይሄ ጥሩ ትምህርት ይመስለኛል፤ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሲገኝ ምርመራው አያልቅም። አባዬ በበኩሉ «እና እኔም አለሁበት በላ» ብሎ ለወንድሜ ሻይ ጋበዘው።

በትክክል ሲገጠም

ራዲያተሩ ታጠበ፣ ክዳኑ ተቀየረ፣ ከቧንቧ ውሃ ይልቅ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ተሞላበት። ይህ ፈሳሽ ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያውንም ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። ሁለት ጉዞ ያለ ችግር ከተደረገ በኋላ ወንድሜ «ያንን ነገር በሥርዓት ብንገጥመውስ?» አለ። ሁላችንም አባዬን አየን። አባዬ «ባትላሜራው ከፈቀዱ» አለ። ሽማግሌው ፈቀዱ፤ ቅደም ተከተሉንም እሳቸው ናቸው ያስያዙን። ለሚሞክር ሰው እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ መለካት። የሚለካው ባዶ መኪና አይደለም። አራት ሰው አስቀምጡባት፣ ጎማው በትክክል ይነፋ፣ መሬቱም ደልዳላ ይሁን። ፍሬን ሲያዝ አፍንጫዋ እንደምትሰግድም አስቡ። የኛ መኪና አራት ሰው ጭና ከባምፐሩ ስር ካለው ላሜራ እስከ መሬት 27 ሴንቲ ሜትር ሆነ። አገጩ ከዚያ ላይ ወርዶ ለመሬቱ 17 እንዲተው ወሰንን። በእሽቅድምድም ሜዳ ይሄ በጣም ብዙ ነው፤ በኛ ሰፈር የፍጥነት መገደቢያ ጉብታና በእግረኛ መንገድ ጠርዝ ግን ከዚህ ያነሰ በወሩ ይሰበራል።

ሁለተኛ፣ ካርቶን። ፋይበሩን ከመንካት በፊት የፍሪጅ ካርቶን ቆርጣችሁ ቅርጹን መኪናዋ ላይ ሞክሩ። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙሩ፤ ጎማው ጫፉን መንካት የለበትም። ከዚያ ክሪክ የሚገባበት ቦታ፣ የመጎተቻው ቀለበት፣ የፊት ሰሌዳውና መብራቱ አለመሸፈናቸውን እዩ። የኛ የመጀመሪያው አገጭ የመጎተቻ ቀለበቱን ሸፍኖት ነበር። ሸኖ ላይ የሚጎትተን ብናገኝ እንኳን የምናስርበት አልነበረም ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ የአየር በር። በአገጩ መሀል፣ ልክ በራዲያተሩ ፊት፣ ክፍተት መቆረጥ አለበት። ከመኪናዋ የቀድሞ ክፍተት ቢሰፋ እንጂ አይጥበብ። ቀጥሎ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። የገባው አየር በራዲያተሩ ዳርና ዳር ሾልኮ እንዳይሄድ ከአገጩ እስከ ራዲያተሩ በቀጭን ላሜራ ወይም በጎማ መንገዱን ማጠር ያስፈልጋል። ውሃም አየርም የሚሄዱት በቀለላቸው መንገድ ነው፤ የጠበበውን የራዲያተር መንገድ ትተው ሰፊውን ይመርጣሉ። ከፊት ፍሬኖች አቅጣጫ ያለውንም አየር ጨርሶ አትዝጉ፣ በተለይ ቁልቁለት ለሚበዛበት መንገድ።

አራተኛ፣ አስተሳሰሩ። ፋይበር ግላስ ጠንካራ ነው ግን አይታጠፍም፤ ሲመታ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ብሎኑ በቀጥታ ፋይበሩን እንዳይነክሰው ሰፊ ሮንዴላና ከስሩ የጎማ ቁራጭ ይደረጋል። ቀዳዳዎቹ ክብ ብቻ ሳይሆኑ ትንሽ ሞላላ ቢሆኑ መኪናዋ ስትንቀጠቀጥ መፈናፈኛ ያገኛል። በጉልበት ተስቦ የታሰረ ፋይበር ቆሞም ይሰነጠቃል፤ የኛ የመጀመሪያው ዳርና ዳሩ ላይ ጭረት ጀምሮ ነበር። ባትላሜራው ከሁሉ ያስደነቁኝ በዚህ ነው። የአገጩን የታችኛውን አምስት ሴንቲ ሜትር ቆርጠው ጣሉና በቦታው ከአሮጌ የጎማ ንጣፍ የተቆረጠ ክር የሚመስል ጥብጣብ አሰሩበት። «ድንጋይ ሲመታው ይታጠፍ፣ ይመለስ። ትዕቢተኛ ነው የሚሰበረው» አሉ።

አምስተኛ፣ ዝገት። አሮጌ መኪና ላይ የተበሳ እያንዳንዱ ቀዳዳ ለዝገት የተከፈተ በር ነው። ወንድሜ የበሳቸውን ስድስቱን ቀዳዳዎች ገና በሁለት ወር ውስጥ ዝገት ከብቧቸው አገኘናቸው። ጠርዙ በሞረድ ይለሰልሳል፣ በብርጭቆ ወረቀት እስከ ንጹሕ ብረት ይፈገፈጋል፣ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ ነው ብሎን የሚገባው። ከተቻለ ደግሞ አዲስ አትብሱ፤ መኪናዋ ላይ ቀድሞ ያሉትን የባምፐር ብሎኖች ተጠቀሙ። እኛ ከስድስቱ ሁለቱን ብቻ ተጠቅመን አራቱን ደፍነናል።

ስድስተኛ፣ ጤና። ፋይበር ግላስ ሲቆረጥና ሲፈገፈግ የሚወጣው ብናኝ ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይንና ሳንባም ይጎዳል። ጭምብል፣ መነጽርና ጓንት ይደረግ፤ ሥራው ደጅ ይሠራ። ወንድሜ በቲሸርት ቆርጦ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ አድሯል።

ሰባተኛ፣ መሞከር። እናቴ የሹራብ ክር ሰጠችን። በጣት ርዝመት ቆርጠን በአገጩ፣ በኮፈኑና በአየር በሩ ዙሪያ በፕላስተር ለጠፍን። ወንድሜ ሲነዳ እኔ ከጓደኛው መኪና ሆኜ ከጎን በቪዲዮ ቀረጽኩ። ክሩ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ከተኛ አየሩ ተስማምቶ እየፈሰሰ ነው፤ ከተርገፈገፈ ወይም ወደፊት ከዞረ እዚያ ቦታ እየተረበሸ ነው። በአየር በሩ ዙሪያ ያሉት ክሮች ወደ ውስጥ ሲገቡ ማየት እንዴት እንደሚያስደስት! ከመጀመሪያው መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ብሎኖቹ ሁሉ እንደገና ይጠበቃሉ፤ የኛ ሁለቱ ላልተው ነበር።

ሦስቱ አባባሎችስ?

ወደ ወንድሜ ሦስት ነጥቦች ልመለስ።

«ቤንዚን ይቆጥባል።» ታንኩን እየሞላን ወደ ደብረ ብርሃን ሁለት ጊዜ በአገጩ፣ ሁለት ጊዜ ያለ አገጩ ሄደን መዘገብኩ። በደርሶ መልስ የታየው ልዩነት ከአንድ ሊትር ያነሰ ነው። ያውም በአንዱ ቀን ነፋስ ነበር፣ በሌላው ቀን እማማ ሁለት ጆንያ ገብስ ጭነው ነበር። ከዚህ ተነሥቶ «ቆጠበ» ማለት ውሸት ነው፤ «አልቆጠበም» ማለትም እንዲሁ። በረጅምና ፈጣን መንገድ ሊቆጥብ እንደሚችል ሳይንሱ ይፈቅዳል፣ በጣም ከወረደ ደግሞ ራሱ አየር እየገፋ ይጎትታል። ከከተማ ለማይወጣ ሰው ግን ገንዘቡን ጎማ ማስነፊያና ካንዴላ መቀየሪያ ቢያደርገው ይሻለዋል።

«ፍጥነት ይጨምራል።» ሞተሩ ያው ሞተር ነው። አይጨምርም።

«መሬት ይዛ ትሄዳለች።» ይህ በመርህ እውነት ነው፣ የሚሰማው ግን በከፍተኛ ፍጥነት ነው። አባዬ «በ80 መሪው ትንሽ የተረጋጋ መሰለኝ» ብሎኛል። «መሰለኝ» የምትለዋን አስምሩባት፤ እኔ ተቀምጬ ምንም አልተሰማኝም። ፊትን ብቻ ማክበድ ከኋላ ጋር ያለውን ሚዛን እንደሚለውጥም አትርሱ፤ በጣም ፈጣን መኪኖች ላይ አገጭና የኋላ ስፖይለር አብረው የሚመጡት ለዚህ ነው።

ወንድሜ ያልጠቀሰው፣ እኛ ግን በዓይናችን ያየነው አንድ ጥቅም አለ። ሸኖ ላይ ቀይ የነካችው መርፌ አሁን በዚያው መንገድ፣ በዚያው እኩለ ቀን ከመሀል አትነሣም። ከዚህ ውስጥ የታጠበው ራዲያተር ድርሻ ስንት፣ የአገጩ ድርሻ ስንት እንደሆነ ግን ለይቼ አልለካሁም። ከገመትኩ ትልቁ ድርሻ የራዲያተሩ ነው።

የሕግ ነገርም አለ። እኛ አገር ተሽከርካሪ በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ ይለጠፍበታል። ምን መቀየር ይቻላል፣ ምንስ ማሳወቅ ያስፈልጋል የሚለውን ከመግጠማችሁ በፊት ከመርማሪው ጠይቁ። ሰሌዳ የሸፈነ፣ መብራት የጋረደ ወይም ጠርዙ ስለታም ሆኖ እግረኛን የሚጎዳ ነገር ይዞ መሄድ በሕግም በህሊናም አያዋጣም። ደግሞ ሥራው ሊመለስ የሚችል ይሁን። ከ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ ወዲህ ያገለገለ መኪና ማስገባት እጅግ ተወዷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። እነዚህ አሮጌዎች ሲያልቁ ምትካቸው አይመጣም። የመጀመሪያውን ላሜራ ቆርጦ የጣለ ሰው ነገ አያገኘውም። የኛ አገጭ በአራት ብሎን ይፈታል፤ ሲፈታ ዲኤክሷ እንደ ድሮዋ ናት ማለት ይቻላል፣ አራቱ የተደፈኑ ቀዳዳዎች ካልተቆጠሩ።

ባለፈው ወር እማማን ስናመጣቸው ከመሳፈራቸው በፊት ወደ መኪናዋ ፊት ዞሩና ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው የጎማውን ጥብጣብ ዳሰሱት። ዓይናቸው እስከ ታች በደንብ አያሳያቸውም። «ይሄ ነው ያን ቀን ያስቆመን?» አሉ።

«እሱና ራዲያተሩ ናቸው፣ እማማ» አልኳቸው።

«አሁንስ?»

«አሁን ተስማምተዋል።»

«እንግዲያው እንሂድ» ብለው ገቡ። ሸኖን ስናልፍ አባዬ መርፌዋን አየ፣ እኔም አየሁ። እማማ ተኝተው ነበር።